መራዊን ስታልፍ የምትታነቀው ዲኤክስ፦ ካርቡሬተር ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መምህር ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። 1982 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ሞተሯ 4ኬ ነው፤ ባለ ካርቡሬተር። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ ዳንግላ ስሄድ ግን መራዊን አለፍ እንዳልኩ ጉልበት ታጣለች። ቤንዚን ስሰጣት ይብስባታል። ታቆራርጥና ትጠፋለች። 10 ደቂቃ ካረፈች ትነሳለች፤ ትንሽ ሄዳ ያንኑ ትደግማለች። ክረምቱን ቤንዚን ስላላገኘሁ ግቢ ቆማ ነው የከረመችው። ካንዴላ፣ ቤንዚን ፓምፕና ፊልትሮ ቀየርኩ። ካርቡሬተሩንም አሳጠብኩ። አዲሱ ፊልትሮ በ2 ሳምንት ቡናማ ከመሆኑ በቀር ለውጥ የለም። አሁን ካርቡሬተሩን ሙሉ ለሙሉ ቀይረው እያሉኝ ነው። ልግዛ?»

ወንድሜ፣ አትግዛ። ቢያንስ የምነግርህን ሳትለካ አትግዛ። እስካሁን ያወጣኸው ገንዘብ ሁሉ በግምት የወጣ ነው። ካርቡሬተሩን ብትጨምርበት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብህ።

ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔን የያዘው እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግከው ነው። ፊልትሮው በ2 ሳምንት ቡናማ ሆነ ብለሃል። ፊልትሮ ቆሻሻ አይሠራም፤ የመጣለትን ይይዛል። ቡናማው ዝገት ወይም ደለል ነው፤ የመጣውም ከፊልትሮው በስተኋላ ካለው ነገር ነው። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡሬተር ደግሞ ከፊልትሮው በስተፊት ነው። እኔ መፈለግ የምጀምረው ከመኪናዋ ጀርባ ነው። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃውን አንተው ታመጣለህ።

አስቀድሜ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና መንገድ ላይ ለምን እንደምትታነቅ ላስረዳህ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ፣ ማለትም በሚኒሞ፣ የሚጠጣው ቤንዚን በጣም ትንሽ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ግን፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትበላለች ብንል፣ በሰዓት ከ6 ሊትር በላይ ትፈልጋለች። በደቂቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ይጨምራል። ዳንግላ ከባሕር ዳር ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደምትገኝ አትርሳ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ጎድጓዳ ደግሞ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙ የማይበልጥ ነው የሚይዘው። ከኋላ የሚመጣው ሲያንስ ያቺ ትንሽ ክምችት ቶሎ ታልቃለች። ሞተሩ መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ቀጥሎ ያቆራርጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። መስመሩ በግማሽ ተዘግቶም ቢሆን ከግዮን ሆቴል እስከ ዓባይ ድልድይ ምንም ሳትል ታደርስሃለች። ስለዚህ «ከተማ ውስጥ ደህና ናት» ማለት መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ዓይነቱ ችግር ጋራዥ ቆሞ አይታይም። መያዝ ያለበት ሲከሰት ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረዳት ሰው ይዘህ ወደ መራዊ ውጣ። እንደታነቀች ከአስፋልቱ ዳር አውጥተህ አቁማት። ቁልፉን ዝጋ። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አደራ፦ ለማስነሳት ደጋግመህ አታዙራት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ያንን ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ፓምፑ ጎድጓዳውን መልሶ ይሞላዋል፤ ማስረጃው ይጠፋል።

ኮፈኑን ክፈትና የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሳ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ አይቁም። ካርቡሬተሩን ከላይ ወደ ጉሮሮው እያየህ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅህ በፍጥነት ሳበው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ካለ ቀጭን ጅረት ጭርር ብሎ ሲረጭ ታያለህ። ደጋግመህ ስትስበውም ይደግማል። ምንም ካልረጨ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ትፍ ብሎ ካቆመ ጎድጓዳው ደርቋል። በካርቡሬተሩ ጎን ትንሽ መስታወትም አለች። ደረጃው ልኩ ሲሆን ቤንዚኑ ከምልክቷ ትክክል ይታያል። ጀርባዋ ከጠቆረ በእጅ ባትሪ አብራባት፤ መኪናዋን ትንሽ ስትወዘውዛት የቤንዚኑ መስመር ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ። የኦሪጅናሉን ካርቡሬተር ይህች መስታወት ብቻ ታስወድደኛለች። ርካሹን ቅጂ ገዝተህ እሷን ብትጥል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቤንዚኑ በደንብ ከረጨ የቤንዚኑን መስመር ተወው፤ ችግሩ እሳት ላይ፣ ማለትም ካንዴላው በሚሰጠው ብልጭታ ላይ ነው። ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ሲግል የሚያሳየው ጠባይ የቤንዚን እጥረት ይመስላል። ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። ልዩነቱ አጠፋፉ ላይ ነው። የእሳት ችግር ብዙ ጊዜ ድንገት ቁርጥ ያደርጋል። የቤንዚን እጥረት ግን እያዳከመ፣ እየጎተተ ነው የሚያጠፋው። «ጉልበት ታጣለች፣ ቤንዚን ስሰጣት ይብስባታል» ያልከው ወደ ሁለተኛው ያደላል። ለማረጋገጥ ትርፍ ካንዴላ ይዘህ ውጣ። ገመዱ ላይ ሰክተህ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ጋር አስነካው፤ ገመዱን በደረቅ ጎማ ጓንት ያዝ፣ ረዳትህ ያዙር። ይህን የምታደርገው ግን የመርጨቱን ፍተሻ ከጨረስክ፣ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ከመለስክና የቤንዚን ሽታ ከጠፋ በኋላ ነው። ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታ እሳት አትፈትን።

ጎድጓዳው ደርቆ ካገኘኸው ደግሞ ቀጥታ ወደ ኋላ ሂድና የታንከሩን ክዳን ክፈት። ጆሮህን ጠጋ አድርግ። አየር ሲገባ ፍስስስ የሚል ረዘም ያለ ድምፅ ከሰማህ፣ መኪናዋም ወዲያው ተነስታ ደህና ከሄደች ዕዳው ገብስ ነው። ታንከሩ አየር አጥቷል። ፓምፑ ቤንዚኑን ይስበዋል እንላለን እንጂ ወደ ፓምፑ የሚገፋው በታንከሩ ውስጥ ያለው አየር ነው። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ግፊቱ እየወረደ ይሄድና ፓምፑ አቅም ያጣል። እኛ ጋ ደግሞ ይህ ይብሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ፓምፑ ሲፈጠር የተሰጠው መጠባበቂያ እዚህ ተቀንሶ ነው የሚጀምረው።

የክዳን ነገር ከተነሳ፣ ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ብዙ ሰው ሌባ ፈርቶ ባለቁልፍ ክዳን አስገጥሟል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መተንፈሻ የላቸውም። የአንተም እንደዚያ ከሆነ ክዳኑን ላላ አድርገህ፣ ታንከሩን ሳትሞላ፣ አንድ ጊዜ ሞክር። ችግሩ ከጠፋ ትክክለኛውን ክዳን ግዛ። ላላ አድርጎ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ ውሃና አቧራም ይገባል።

ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ ወደ ዋናው ፍተሻ እንሄዳለን። ይህ ፍተሻ የሚጠይቀው አንድ ሊትር የሚይዝ ግልጽ ጠርሙስ፣ አንድ ሜትር ያህል ቤንዚን የማይበላው ጎማ ቱቦ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሰዓት ብቻ ነው። የእሳት ማጥፊያም አጠገብህ ይኑር። ሞተሯ እንደጋለ፣ ችግሩ በታየበት ሰዓት አድርገው። ፓምፑ ካርቡሬተሩን የሚመግብበትን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጫፍ ንቀል፤ ሲነቀል የሚንጠባጠበውን በጨርቅ ያዝ። በእሱ ላይ ረጅሙን ቱቦ ቀጥልና ጠርሙሱ ውስጥ አስገባው። ጠርሙሱን ረዳትህ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይያዝ። በ4ኬ ሞተር ላይ ፓምፑ ባንድ በኩል ነው፣ ካርቡሬተሩና የጭስ መውጫው ብረት ደግሞ ባንድ ላይ በሌላው ጎን ናቸው። ስለዚህ ጠርሙሱ ምን ጊዜም በፓምፑ በኩል ይሁን። ከዚያ አስነሳ። ጎድጓዳው ውስጥ ባለው ቤንዚን ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ በሚኒሞ ይሠራል። ጎድጓዳው ጨርሶ ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ ቱቦውን ሳትነቅል አስነስተህ እንዲሞላ አድርግ።

ጤነኛ ፓምፕ በአንድ ደቂቃ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ይሰጣል። የሚመጣው እየተቆራረጠ፣ ግን በኃይል ተፍ ተፍ እያለ ነው። ቁጥሩን ጻፈው። ጠርሙሱን ደግሞ አስተውለው፤ የአየር አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ቀጥሎ የማደርገው ብዙ መካኒክ የሚዘለውን ነው። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ንቀልና አፉን በብሎን ወይም በንጹሕ ቡሽ ድፈን። በቦታው ሌላ አጭር ቱቦ ስካና ንጹሕ ቤንዚን ወዳለበት ሁለተኛ ዕቃ ክተተው። አሁን ፓምፑ የሚጠጣው ከታንከሩ ሳይሆን ከዕቃው ነው። ያንኑ የአንድ ደቂቃ ልኬት ድገም። መኪናዋ ቆማ ነው ይህን የምታደርገው። እንዲህ አድርገህ መንዳት በእሳት መጫወት ነው፤ እንዳታስበው።

ሁለቱ ቁጥሮች ተለያይተው ከመጡ፣ ለምሳሌ ከዕቃው ግማሽ ሊትር፣ ከታንከሩ ግን 150 ሚሊ ሊትር ብቻ ካገኘህ፣ ክርክሩ አለቀ። ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ካርቡሬተሩም አልተከሰሰም። ጥፋቱ ከፓምፑ እስከ ታንከሩ ባለው መስመር ውስጥ ነው። ሁለቱም ካነሱ ፓምፑን ጠርጥር፣ አዲስ ቢሆንም። አዲስ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። ፓምፑ ሲገጠም ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ማገጃ ተጥሎ ወይም በላዩ ላይ ተጨማሪ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) ተደርቦ ከሆነ የፓምፑ ክንድ የሚሄድበት ርቀት ይዛባል። ጓርኒሲዮን በተደረበ ቁጥር ክንዱ በሚገባ አይገፋም፤ የሚሰጠውም ቤንዚን ያንሳል። አሮጌውን ፓምፕ ካልጣልከው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ የክንዳቸውን ርዝመት አመሳስል።

ሁለቱም ልኬት ጥሩ ሆኖ ጎድጓዳው ግን ከደረቀ ብቻ ነው ወደ ካርቡሬተሩ የምንመጣው። ያኔም መቀየር አይደለም። የቤንዚኑ መግቢያ ላይ ያለውን ጥቃቅን ወንፊትና ተንሳፋፊው የሚዘጋውን መርፌ ቫልቭ ማየት ነው። ካርቡሬተር «ታጠበ» ሲባል ብዙ ጊዜ ውጪው ይታጠባል፤ ወንፊቷ ሳትወጣ ትቀራለች።

የእኔ ግምት ከታንከሩ የሚመጣው ያንሳል የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ መስመሩን ከፊት ወደ ኋላ እየዳሰስክ ሂድ። ከጎማ ቱቦዎቹ ጀምር። እያንዳንዱን ቱቦ በሁለት ጣት ጠምዘዝ አድርገው። ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) የሚነክስበት ቦታ ላይ በጥፍርህ ጫን በለው። ደርቆ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ቀይረው። በመምጠጫው በኩል፣ ማለትም ከታንከሩ እስከ ፓምፑ፣ ያለ ስንጥቅ ተንኮለኛ ነው፤ ቤንዚን አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። ሲያዩት ደረቅ ስለሆነ ሁሉም ያልፈዋል። አንዳንዱ ቱቦ ደግሞ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ይላጥና በሚስብ ጊዜ ይጣበቃል። የተጠረጠረ ቱቦ አይታጠብም፣ ይቀየራል።

ከዚያ ፊልትሮውን አውጣ። ከፓምፑ የነቀልከው መስመር ላይ ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቀስ ያለ አየር ወደ ታንከሩ ንፋ። ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ረዳትህ ድምፁን ያዳምጥ። ንጹሕ መስመር ያለ ችግር ታንከሩ ውስጥ ይንደቀደቃል። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ድንገት ከለቀቀ መምጠጫው ጫፍ ላይ፣ ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን በሚሳብበት ቱቦ አፍ ላይ፣ የተኛ ነገር ነበር ማለት ነው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ዳንግላ ደርሳ ብትመለስ ደስ አይበልህ። ቆሻሻው ከመምጠጫው ተነሳ እንጂ ከታንከሩ አልወጣም። የ10 ደቂቃው ዕረፍት የሚያስነሳትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ፓምፑ በኃይል ሲስብ ደለሉ መምጠጫው ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ተመልሶ ይወርዳል። በአፍህ ግን አትንፋ፣ አትምጠጥም። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ክረምቱን ቆማ ከረመች ማለትህ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጎደሎ ታንከር ውስጥ አየር አለ፤ አየሩ እርጥበት አለው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ባዶው ብረት ላይ ያላባል፤ ያላበው ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛና ብረቱን ያዝገዋል። በሐምሌና በነሐሴ የጣና ዳር አየር ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ቤንዚን በጀሪካን እየገዛህ ሞልተህ ከነበረም የጀሪካኑ ዝቃጭ አብሮ ገብቷል። ሰው በጨርቅ አጣርቼ ነው ይላል። ጨርቁ የሚተወው ክር ራሱ የመምጠጫ ጠላት ነው። ለማየት፣ ከታንከሩ ሥር ካለው የማፍሰሻ ብሎን ጥቂት ቤንዚን በግልጽ ጠርሙስ ተቀበልና ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ እንደ ዶቃ ይንከባለላል፤ ዝገቱም እንደ ቀይ አፈር ይዘቅጣል።

«ሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ እየፈላ ነው» የሚሉህም ይኖራሉ። ነገሩ እውነት ነው፣ ይደርሳል። ካርቡሬተርና የጭስ መውጫ ባንድ ጎን ስለሆኑ 4ኬ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከፍታችንም ቤንዚኑ ቶሎ እንዲተን ያግዛል። ግን የሙቀት ችግር የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ፣ መኪናዋ ግላ ከቆመች በኋላ ወይም በዝግታ ዳገት ስትወጣ ነው። የአንተዋ የምትታነቀው ረጅም መንገድ ላይ እየሄደች፣ ነፋስ እየመታት ነው። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ የሚያስሩትን ለጊዜው አትከተል። ፓምፕህ ሦስተኛ ቀዳዳ፣ ማለትም ወደ ታንከሩ የሚመልስ መስመር፣ ካለው ግን አለመደፈኑን እይ። ትነቱን ወደ ኋላ የሚያወጣው እሱ ነው፤ «አያስፈልግም» ብለው የሚደፍኑት ብዙ ናቸው።

ሌላው የሚመክሩህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሆናል። የኢንጄክሽን (ያለ ካርቡሬተር፣ ቤንዚን በግፊት የሚረጭላት) መኪና ፓምፕ በፍጹም አታስገጥም። የአንተ ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኢንጄክሽኑ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። መርፌ ቫልቩን ገፍቶ ቤንዚኑን በጋለው ብረት ላይ ያፈሰዋል፤ መኪና የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ታንከሩ መሆኑ ከተረጋገጠ መውረድ አለበት። ቤንዚኑን አውጣ፤ የባትሪውን ገመድ አስቀድመህ ንቀል። ታንከሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። ደለሉ እምቢ ካለ ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ከውሃ ጋር ጨምረህ አስነቅንቀው። መምጠጫው ጫፍ ላይ ወንፊት ካለ አውጥተህ እየው። በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ ጠብ የማይል እስኪሆን ይድረቅ። ተሸንቁሮ ካገኘኸው የብየዳ ነገር እንዳትቸኩል። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ይህን ሥራ በሚገባ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ስጥ፤ እሱም ሳይታጠብ እበይዳለሁ ካለህ ተቀበለውና ውጣ።

ስትመልሰው አዲስ ግልጽ ፊልትሮ ግጠም፤ ቀስቱ ወደ ፓምፑ ማመልከቱን እይ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ኮፈን ከፍተህ ቀለሙን ተመልከት። ታንከሩ ታጥቦ ሳለ ፊልትሮው እንደገና ቡናማ ከሆነ፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር የሚያልፈው የብረት ቱቦ ከውስጥ ዝጓል። እሱም ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ላይ መጀመር ይወዳል፤ ከዚያ ጀምረህ እየው። ሁለቱን የደቂቃ ልኬቶች ጻፍልኝ፤ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ስለ ቀሪው እንነጋገራለን።